መካሪው ሻጭ እንዳይሆን

አንድ መንግሥት ገና ያልተፈጠረ የጦር መሣሪያ ለማሠራት ሲነሣ፣ አምራቹ ያቀረበለት ንድፍ በእርግጥ የሚሠራ መሆኑን በማን ዐይን ያረጋግጣል? መሥሪያ ቤቱ ለየመስኩ የራሱን ሊቃውንት ማሰባሰብ ስለሚከብደው ዕውቀቱን ከውጭ ይገዛል። ይህ የቴክኒክ ድጋፍ ውል ይባላል። ድጋፍ ሰጪው ኩባንያ መሣሪያውን አይሠራም፤ ንድፎችን ይመረምራል፣ የሙከራ ውጤቶችን ይተነትናል፣ የአምራቾችን ስሌት ይፈትሻል፤ ያገኘውንም ለመንግሥት ኃላፊዎች ያቀርባል።

ለዚህ አሠራር የአሜሪካው አትላስ ሚሳይል ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ አየር ኃይል አህጉር አቋራጭ ሚሳይል በፍጥነት እንዲሠራ ሲወስን፣ ሥራውን የመሩት ጄኔራል በርናርድ ሽሪቨር ነበሩ። የቴክኒክ አመራሩ የተሰጠው መሐንዲሱ ሳይመን ራሞና የፊዚክስ ሊቁ ዲን ዉልድሪጅ በ1953 ላቋቋሙት ኩባንያ ሲሆን፣ ሚሳይሉን የሚሠራው ግን ኮንቬየር የተባለ ሌላ ድርጅት ነበር።

በዚያን ጊዜ የሃይድሮጂን ቦምብ ክብደት በእጅጉ ሊቀንስ እንደሚችል በመታወቁ የአትላስ ንድፍ እንደገና ተመረመረ። ሚሳይል የሚሸከመው ጭነት ሲቀንስ የሚያስፈልገው ነዳጅ ይቀንሳል፤ ነዳጁ ሲቀንስ ደግሞ ያንኑ ነዳጅ ለማንሣት የሚያስፈልገው ኃይል ይቀንሳል። ስለሆነም አምስት ሞተሮች ታስበውለት የነበረው አትላስ በሦስት ብቻ እንዲሠራ ተደረገ።

ሆኖም ሌላ ጥያቄ ተነሣ። የራሞና የዉልድሪጅ ኩባንያ የተፎካካሪዎቹን ምስጢር የማየት ዕድል ነበረው። ለሚሳይሉ መርሐ ግብር ዕቃ እንዳያመርት ቢከለከልም፣ በ1958 ቶምፕሰን ፕሮዳክትስ ከተባለ አምራች ጋር ሲዋሐድ ቅሬታው በረታ። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» እንዲሉ፣ መካሪው ሻጭ ከሆነ ምክሩ ወደ ራሱ ገበያ ሊያዘነብል ይችላል። በ1959 የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ሥራው ለትርፍ ላልተቋቋመ ድርጅት እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበ፤ በ1960ም ኤሮስፔስ ኮርፖሬሽን ተመሠረተ።

ችግሩ ዛሬም አላበቃም። በ1958 የተቋቋመው ዳርፓ የተባለው የመከላከያ ምርምር ድርጅት መርሐ ግብሮቹን የሚመሩለት ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ የሚቆዩት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው። በዙሪያቸው ያሉት የቴክኒክ ድጋፍ ሠራተኞች በአብዛኛው የተዋዋይ ኩባንያዎች ተቀጣሪዎች ናቸው። ለዚህም ነው የአሜሪካ የግዥ ደንቦች አንድ ኩባንያ የራሱን ምርት እንዳይገመግም የሚገድቡት። ደንቡ ግን ብቻውን አይበቃም፤ የመንግሥት ኃላፊው የቀረበለትን ስሌት የሚጠይቅበት ዕውቀት ከሌለው፣ ውሳኔው በስም የእርሱ፣ በተግባር ግን የመካሪው ይሆናል።

እንግዲህ የፊዚክስ ተማሪ ነገ ወደዚህ ዓይነት ሥራ ቢሠማራ ሁለት ነገሮችን መጠየቅ ይኖርበታል፤ ስሌቱ ትክክል ነውን? ከውጤቱስ የሚያተርፈው ማን ነው?