የአያቴ ጠመንጃና የላምባው ጠርሙስ

ክረምት ሊገባ ሲል ወንድ አያቴ የማይተዉት አንድ ሥራ ነበራቸው። በሰኔ መጀመሪያ፣ ከእርሻው ፋታ ባገኙበት ቀን፣ ምንሽራቸውን ከግድግዳው ላይ ያወርዱና ግቢው ውስጥ ቁርበት አንጥፈው ይቀመጣሉ። ከጎናቸው የጨርቅ ቁርጥራጭ፣ የመወልወያ ዘንግ፣ በቅል ቅቤ፣ በጠርሙስ ላምባ ይደረደራል። እኛ የልጅ ልጆች ዙሪያቸውን ከብበን እናያለን። ቤታችን ከሰቆጣ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነበር፤ ጠመንጃ ሲወለወል ማየት ለእኛ ለልጆቹ ከበዓል አያንስም።

አንድ ዓመት ላይ የአጎቴ የሦስት ዓመት ልጅ ከጠርሙሱ ጎነጨ። ላምባው የነበረው ሃይላንድ በምንለው የውኃ ፕላስቲክ ውስጥ ነው፤ ልጁ ውኃ መሰለው። ሴት አያቴ ደንግጠው ወተት ግተው አስመለሱት። ሰው ሁሉ የሚያውቀው መድኃኒት ያ ነበር። ልጁ ግን ካስመለሰ በኋላ ሳሉ በረታበት፤ ትንፋሹም እየተቆራረጠ ሄደ። አጎቴ አዝሎት ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠ፤ ከዚያም በመኪና ወደ ሰቆጣ ተወሰደ። ከቀናት በኋላ ድኖ ተመለሰ።

ያን ዕለት ትልልቆቹ ሁሉ ልጆቹ ጠመንጃውን እንዳይነኩ ሲጠብቁ ነበር። ጠርሙሱን የሚጠብቅ ግን አልነበረም።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዋግ ኽምራ፣ እንደ ሌላው የአማራ ገጠር ሁሉ፣ ጠመንጃ በብዙ ቤት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ንብረት ነው። የስሞቹ ብዛት ራሱ ታሪኩን ይናገራል፤ ሰናድር፣ ወጨፎ፣ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ አሁን ደግሞ ክላሽ። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከዘመቱት መሣሪያዎች መካከል የነበሩት ውጅግራና ወጨፎ ዛሬም በአንዳንድ ቤት ይገኛሉ። መሣሪያ መያዝ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደንግጓል። ይህ ጽሑፍ ጠመንጃ ይኑራችሁ አይልም። ነገር ግን ባለበት ቤት በዓመት ጥቂት ጊዜ ይወለወላል፤ የሚወለወልበትም ነገር ልጆች በሚውሉበት ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ በምን እንደሚጸዳና ምን እንደሚቀባ መምረጥ የመላው ቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ከሁሉ በፊት ጥይቱ

ጨርቅ ከመነሳቱ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑ በዓይን ይታይ። በክላሽ ላይ ቅደም ተከተሉ ሕይወት ነው። መጀመሪያ ካዝናው ይነቀላል፤ ቀጥሎ ማቀባበያው ወደ ኋላ ይሳብና ጥይት የሚጎርስበት ቦታ ይታያል፤ በጣትም ይዳሰሳል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለትም ተስቦ ከተለቀቀ በኋላ ካዝናው ቢነቀል፣ አንድ ጥይት ውስጥ ጎርሶ ይቀራል። ካዝናው እጅ ላይ ስላለ ሰውየው «ባዶ ነው» ብሎ ያምናል። በመወልወል ላይ የሚደርስ አደጋ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚህች ቃል ነው። የወጣው ጥይትና ዝናሩ ወደ ሌላ ክፍል ይወሰድ። አፈሙዙም ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ይዙር።

አሞሌ በክረምት እንደሚያልበው

ጠመንጃን የሚያዝገው ዝናብ ብቻ ይመስለናል። የተተኮሰበት ጠመንጃ ግን ከዝናብ የከፋ ጠላት ውስጡ አለ፤ እርሱም ጨው ነው።

ሰቆጣ ከአፋር በረሃ የሚመጣው አሞሌ የሚያልፍባት የቆየች ገበያ ናት። አሞሌ ክረምት ሲገባ እንደሚያልብ፣ እርጥበቱን ከአየሩ እየሳበ እንደሚቀልጥ የዋግ ሰው ለማንም አያስረዳም። በድሮ ጥይቶች፣ እንዲሁም በሶቪየት ኅብረትና በምሥራቅ አውሮፓ በተሠሩ ብዙ ጥይቶች፣ ባሩዱን የሚለኩሰው ቅመም ሲቃጠል የሚተወው ነገር ከገበታ ጨው ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። በአፈሙዙ ውስጥ ይለጠፋል፤ በዓይን አይታይም። የክረምቱን ጭጋግ ሲያገኝ ያልባል፤ ብረቱንም ይበላዋል። ለቅሶ ወይም ሠርግ ላይ ሁለት ጥይት ተኩሶ ጠመንጃውን እንዲሁ የሰቀለ ሰው ከሳምንት በኋላ ሲያየው ውስጡ ቀይ ሆኖ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ይሳሳታል። ዘይትም ላምባም ጨውን አያሟሙም። በዘይት ቢለቀለቅ ጨው ከሥር ተሸፍኖ ሥራውን ይቀጥላል። ጨውን የሚያነሳው ውኃ ነው፤ የፈላ ውኃ ደግሞ የተሻለ ነው። መወልወያ ፍለጋ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ምድጃው ላይ ጀበናው አለ። ከተኮሱ በኋላ በዚያው ቀን የፈላ ውኃ ከኋላ በኩል በአፈሙዙ ውስጥ ይፈስሳል፤ ብረቱ ራሱ ስለሚግል ውኃው ቶሎ ይተናል። ከዚያ በንጹህ ደረቅ ጨርቅ ደጋግሞ ማድረቅ ያስፈልጋል። የክላሽ አፈሙዝ ውስጡ በክሮም የተለበጠ ስለሆነ ከምንሽር ይልቅ ይታገሣል፤ የጋዙ ቱቦና ሌሎቹ ብረቶች ግን እንዲሁ መታጠብ አለባቸው። የፈላ ውኃ በሚፈስስበት ሰዓት ልጆች ከግቢው ይራቁ።

ጥላሸቱን በምን?

ከጨው ቀጥሎ ያለው የባሩድ ጥላሸትና የደረቀ አሮጌ ቅባት ነው። ለዚህ አገራችን ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው ላምባ፣ ማለትም ነጭ ጋዝ ነው። ጥላሸትን በደንብ ያሟሟል። ጉድለቱ ሲደርቅ ብረቱን ራቁቱን ትቶ መሄዱ ነው፤ በላምባ ብቻ ተወልውሎ ዘይት ሳይቀባ የተቀመጠ ጠመንጃ ይዝጋል። ናፍጣም ይሠራል፤ ሽታው ግን ከቤት አይወጣም።

ቤንዚን ግን ፈጽሞ መነካት የለበትም። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ እንደ ውኃ መሬት ለመሬት ይሄዳል። እናንተ ደጃፍ ላይ ተቀምጣችሁ ትነቱ ምድጃው ድረስ ገብቶ እሳት ይዞ ሊመለስ ይችላል። የፍሬን ዘይትም እንዲሁ ይቅር፤ የሰደፉን ቀለም ይልጣል፤ እርጥበትም ይስባል። አመድ፣ አሸዋና ብርጭቆ ወረቀት ዝገቱን ከነብረቱ ልብስ ይፍቁታል፤ የተፈቀፈቀው ቦታ በሚቀጥለው ክረምት ቀድሞ የሚዝገው ነው።

በከተማ መለዋወጫ ሱቆች የሚገኘው ደብሊው ዲ ፎርቲ በ1950ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ ውኃን ከብረት ለማባረር የተሠራ ነው። ዝናብ የመታውን ጠመንጃ ለማድረቅ ጥሩ ነው። ለወራት የሚቆይ ቅባት አድርጎ መቁጠር ግን ስህተት ነው።

ቅቤው ለራስ፣ ተልባው ለሰደፍ

አያቴ የሚቀቡት ቅቤ ነበር። ለጊዜው ብረቱን ያብለጨልጨዋል። ቅቤ ግን ውስጡ ውኃ አለው፤ ሲቆይም ይኮመጥጣል። ኮምጣጣው ብረት ይበላል፤ ሽታው አይጥ ይጠራል። ሞራም እንደዚያው ነው። የኑግና የተልባ ዘይት ደግሞ አየር ሲያገኙ ይደርቃሉ፤ እንደ ሙጫ ይሆኑና ማቀባበያውን ይይዙታል። ሆኖም ተልባ ሙሉ በሙሉ አይጣል። ለእንጨቱ ሰደፍ ከጥንት ጀምሮ በዓለም ዙሪያ የሚመረጠው የተልባ ዘይት ነው፤ ለብረቱ ያልሆነው ለእንጨቱ መድኃኒት ነው።

ከጋራዥ በነጻ የሚገኘው የተቃጠለ ዘይት ሌላው የተለመደ ምርጫ ነው። ከሞተር የወጣ ዘይት ግን የብረት ብናኝና አሲድ ተሸክሟል፤ ቆዳ ላይ ደጋግሞ ሲነካ ለካንሰር የሚዳርጉ ነገሮችም አሉበት። ያንን ቀብቶ ሕፃን ማቀፍ አይገባም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ልብስ ሰፊ ያለበት ገበያ ሁሉ መልሱ አለ፤ የስፌት መኪና ዘይት። ቀጭን ነው፤ ንጹህ ነው፤ አይደርቅም፤ አይኮመጥጥም። ትንሽ ጠርሙስ ለረጅም ጊዜ ይበቃል። እርሱ ከጠፋ ያልተሠራበት አዲስ የሞተር ዘይት በጥቂቱ ይሆናል። ለብዙ ወራት ሳይነካ ለሚቀመጥ ጠመንጃ ስስ ግራሶ በላዩ ላይ ቢደረግ ክረምቱን ያሻግራል። በውጭ አገር ለመሣሪያ ተብለው የተሠሩ ዘይቶች አሉ፤ እንደ ጀርመኑ ባሊስቶል ያሉት ከመቶ ዓመት በላይ ሲያገለግሉ ቆይተዋል። ነገር ግን እነርሱን ማግኘት ያልቻለ ሰው የጎደለበት ነገር የለም።

ከክላሽ ጋር የሚመጣውን የዘይት ዕቃ ያያችሁ ብዙዎቹ ሁለት አፍ እንዳላቸው ታስታውሳላችሁ። አንዱ ማጠቢያ፣ ሌላው ዘይት መያዣ ነው። የሠሪዎቹ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ማጽዳትና መቀባት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን አይተካም።

መጠኑም ልብ ይባል። የሰቆጣ ደጋ በበጋ አቧራው ብርቱ ነው፤ ወደ ተከዜ፣ ወደ አበርገሌ ቆላ ሲወረድ ደግሞ ሙቀቱ ዘይቱን ያቀጥነዋል። የበዛ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፤ ከአቧራ ጋር ሲቀላቀል ብረት የሚሞርድ ጭቃ ይሆናል። ጣት ሲነካው የሚያንሸራትት፣ ሲታይ ግን የማይንጠባጠብ ከሆነ በቂ ነው። አፈሙዙ ውስጥ የቀረ ዘይት ወይም ጨርቅ ከመተኮሱ በፊት ካልወጣ ጠመንጃው በባለቤቱ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። በቆዳ አፎት ውስጥ ለወራት ማስቀመጥም አይመከርም፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።

ለወላጆችና ለአያቶች

ላምባም ሆነ ዘይት በውኃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጥ። ከጠፋ በቆርቆሮ ወይም ሕፃን በማይከፍተው ዕቃ ይሁን፤ ከምግብ ርቆ፣ ከፍ ብሎ፣ ቢቻል በሳጥን ተቆልፎ ይቀመጥ። ሥራው ደጅ፣ ከምድጃና ከመሶብ ርቆ ይከናወን። ጥይት ውስጥ እርሳስ አለ፤ እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ እድገት ይጎዳል። ስለዚህ የቆሸሸው ጨርቅ ሜዳ ላይ አይጣል፤ ሠሪውም እጁን በሳሙና ሳይታጠብ እንጀራም ልጅም አይንካ።

ልጅ ላምባ ከጠጣ አታስመልሱት። ወተትም ዘይትም አትስጡት። ላምባ ከሆድ ይልቅ የሚገድለው ሳንባ ሲገባ ነው፤ ሲያስመልስ ደግሞ ወደ ሳንባው የመግባት ዕድሉ ይጨምራል። የረጠበውን ልብስ አውልቁለት፤ ቆዳውን እጠቡት፤ ቀና አድርጋችሁ ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ደህና መስሎ ቢታይም ውሰዱት፤ ሳሉና የትንፋሽ ማጠሩ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ለሰቆጣና ለአካባቢዋ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። የጠጣበትን ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ወንድ አያቴ ከዚያ ክረምት በኋላ ላምባውን በቆርቆሮ አደረጉት፤ ቆርቆሮውንና ጥይቱን በየራሳቸው ሳጥን ቆለፉ፤ ቁልፎቹን አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር አሰሩ። ቅቤውንም ተዉት። «ይህስ ለራስ ነው» እያሉ ለሴት አያቴ ይመልሱላቸው ነበር። ላምባ የጠጣው የአጎቴ ልጅ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው። ባለፈው ሄጄ ቤቱን ሳይ ምንሽሩ አሁንም ግድግዳው ላይ ነበር። በግቢው ውስጥ ግን አንድም ሃይላንድ ከውኃ በቀር ሌላ ነገር አልያዘም።