ልጃችሁ የአእምሮ ሕሙማን ነርስነት ቢማር

ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የትምህርት ክፍል በሚለይበት ሰሞን በየቤቱ የሚነሣው ወሬ የታወቀ ነው። ወላጆች ሐኪምነትን ወይም መሐንዲስነትን ይመኛሉ፤ ነርስነትም ቢሆን መልካም ነው ይላሉ። ነገር ግን ልጁ «የደረሰኝ የአእምሮ ሕክምና ነርስነት ነው» ብሎ የነገራቸው እንደ ሆነ ቤቱ ዝም ይላል። እናት «ከዕብድ ጋር ልትውል ነውን?» ትላለች፤ አባትም ክፍል መቀየር ይቻል እንደ ሆነ ይጠይቃል። ጎረቤት በጠየቀ ጊዜ ደግሞ «ነርስነት ነው የሚማረው» ይባልና የቀረው ቃል ይዋጣል። ይህን የምንጽፈው ስለዚያ ስለሚዋጠው ቃል ነው፤ ይልቁንም ትምህርቱ እንደ አሶሳ ከመካከል አገር በራቀ ስፍራ ሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል ለማስረዳት ነው።

በአገራችን የአእምሮ ሕሙማን ሐኪም ቤት ሲባል ለብዙ ዘመን የሚታወቀው አንድ ብቻ ነበረ። እርሱም በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ነው። ዘመድ ያለው ሕመምተኛ ከየአውራጃው ወደዚያ ይወሰድ ነበር፤ ዘመድ የሌለው በየመንገዱ ይቀር ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ በዚሁ ሆስፒታል ነርሶችን እየመረጡ ለአንድ ዓመት የአእምሮ ሕክምና ማስተማር ተጀመረ፤ የሠለጠኑትም በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ተመድበው ሕሙማንን መቀበል ጀመሩ። ሐሳቡ ቀላል ነበረ፤ የአእምሮ ሐኪም በአካባቢው ስለማይገኝ ነርሱ ራሱ ይመርምር፣ በሽታውን ይለይ፣ መድኃኒቱንም ይዘዝ የሚል ነው። የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ ቁጥራቸው ቢበዛም አብዛኞቹ የሚሠሩት በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ነው። ነርስነቱ ግን በጎንደር፣ በጅማ፣ በመቱና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች በዲግሪ የሚሰጥ ትምህርት ለመሆን በቅቷል።

እንግዲህ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በአሶሳ፣ ወይም ከዓባይ ወዲያ በፓዌ የሚመደብ የአእምሮ ሕክምና ነርስ የሐኪም ረዳት ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ተሳስቷል። በአውሮፓ አገሮች ሐኪሙ፣ የሥነ ልቡና ባለሙያው፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛውና ነርሱ ተከፋፍለው የሚሠሩትን ሥራ ብዙ ጊዜ እርሱ ብቻውን ይይዘዋል። ስለዚህ «ዝቅተኛ ትምህርት» ተብሎ የሚታዘንለት ልጅ ከብዙ እኩዮቹ የሚከብድ ኀላፊነት ይጠብቀዋል።

ትምህርቱ አራት ዓመት ይፈጃል። ተማሪው በመጀመሪያ እንደ ማንኛውም ነርስ የሰውን አካል፣ የመድኃኒትን ጠባይና ጠቅላላ የሕመምተኛ አያያዝን ያጠናል። «ለአእምሮ በሽታ የጉበትና የኩላሊት ትምህርት ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ በአሶሳ ቆላ ይገኛል። አንድ ጎልማሳ በድንገት መቀባዠር፣ ልብሱን መጣልና ሰውን አለመለየት ቢጀምር ቤተሰቡ «አበደ» ይላል፤ ነገር ግን ወባ ወደ አንጎል ወጥታበት ሊሆን ይችላል። ነርሱ ትኩሳቱን ሳይለካ፣ ደሙን ሳያስመረምር የዕብደት መድኃኒት ቢሰጠው ሰውየው በዚያው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በደንብ የተማረ የአእምሮ ነርስ አስቀድሞ የሚጠረጥረው አእምሮን ሳይሆን ሥጋን ነው።

የሚጥል በሽታም ወደዚሁ ክፍል ይመጣል። በብዙ የአገራችን ክፍሎች ይህ በሽታ በትንፋሽና በምራቅ ይጋባል የሚል ፍርሃት ስላለ፣ ሕመምተኛው እሳት ላይ ቢወድቅ እንኳ የሚያነሣው የሚያመነታበት ጊዜ አለ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ፌኖባርቢታልን በመሳሰሉ ዋጋቸው በማይከብድ መድኃኒቶች፣ በየቀኑ ሳይቋረጥ በመውሰድ ብዙ ሰው ከመውደቅ ይድናል። በድንገት ማቆም ግን ከቀድሞው የከፋ መውደቅ ሊያስከትል ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቀዶ ሐኪም በስለቱ፣ የላቦራቶሪ ሠራተኛም በአጉሊ መነጽሩ ይሠራል። የአእምሮ ነርስ መሣሪያ ግን ጥያቄና ጆሮ ነው። ስኪዞፍሬንያ የሚባለውን ደዌ ለይቶ የሚያሳውቅ የደም ምርመራ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ራጅም አያሳየውም። የሚታወቀው ሕመምተኛው ከሚናገረው፣ ከሚያደርገውና ዘመዶቹ ከሚመሰክሩት ነው። ተማሪው መጽሐፉን ያነበበው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከፊቱ የተቀመጠችው ሴት ግን የምትናገረው በርታኛ ወይም ዐረብኛ ነው። ካማሺ ቢሆን ጉሙዝኛ፣ ቡለን ቢሆን ሺናሽኛ ሊሆን ይችላል። በመካከል አስተርጓሚ ይገባል። ነርሱ «ድምፅ ይሰማሻልን?» ብሎ በመጽሐፉ እንዳነበበው ቢያስጠይቃት፣ «አዎን፣ ደንቆሮ አይደለሁም» ብትል ምን ይፈረድባታል? መጠየቅ የነበረበት፣ ማንም በሌለበት ስፍራ ሌላው ሰው የማይሰማውን ንግግር ትሰማ እንደ ሆነ ነበረ። አስተርጓሚው ባልዋ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ በቤትዋ የደረሰባትን መከራ በእርሱ አንደበት ልትናገር አትችልም።

ይህ በአማርኛ ተናጋሪውም ዘንድ ያለ ነገር ነው። ኀዘን የበዛበት ሰው ሐኪም ቤት ገብቶ «ድብርት አለብኝ» አይልም። «ልቤን አመመኝ»፣ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል»፣ «ራሴን ያቃጥለኛል» ይላል። ነገሩ ያልገባው መርማሪ የጨጓራና የራስ ምታት ኪኒን ሰጥቶ ይሸኘዋል። እያንዳንዱ ሕዝብ ጭንቀቱን የሚገልጥበት የራሱ አነጋገር አለው፤ የበርታና የጉሙዝ አነጋገር ደግሞ በዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም። በእኛ ግምት ከበርታ፣ ከጉሙዝ፣ ከሺናሻ፣ ከማኦና ከኮሞ ወገን የተወለዱ ልጆች ይህን ትምህርት ቢማሩ ብዙ የአስተርጓሚ ድካም ይቀራል። በ2004 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ በአገሩ መኖሩም ለእነዚህ ልጆች ከፍተኛ ትምህርትን ወደ ደጃቸው አቅርቦላቸዋል። ከሌላ አገር የሚመደበው ነርስም በመጀመሪያው ወር ከመድኃኒት ዝርዝር ይልቅ የአገሩን ቃላት በደብተሩ ቢጽፍ ይሻለዋል።

የሕሙማኑ ቁጥር ጥቂት መስሎ እንዳይታይ አንድ ነገር እንጨምር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በቡታጅራ አካባቢ ከ68 ሺህ የሚበልጡ አዋቂዎች ተጠይቀው ነበር፤ በስኪዞፍሬንያ የታመሙት ከሺህ ሰው ወደ 5 የሚጠጉ ሆነው ተገኙ። ከእነዚህም የሚበዙት ከዚያ በፊት አንድም ቀን ዘመናዊ ሕክምና ያላገኙ ነበሩ። በዚህ ስሌት አንድ መቶ ሺህ አዋቂ ባለበት ስፍራ ወደ 500 ሕመምተኛ አለ ማለት ነው። የት ነው ያሉት ቢባል፣ አንዳንዶቹ በጓዳ ታስረው ነው። ቤተሰቡ የሚያስረው ከጭካኔ አይደለም፤ ሌላ መንገድ ባለማወቅ ነው።

በአሶሳ ዙሪያ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ስለሆነ ሕመምተኛው አስቀድሞ ወደ ሼኹ ይወሰዳል፤ የእኛ ቤተሰብ ደግሞ ወደ ጠበል ይወስደዋል። ነርሱ ይህን ለመከልከል የተላከ አይደለም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲናገሩ፣ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መጠቀም የተፈቀደ መሆኑን በግልጥ አስታውቀዋል። ለአእምሮ መድኃኒት ሌላ ሕግ የሚኖርበት ምክንያት አይታየንም። (ይህን ስንል ቅር የሚለው አንባቢ እንዳለ እናውቃለን፤ ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከርበት።) በእንጦጦ ጠበል አጠገብ ሐኪሞችና ካህናት ተባብረው ሕሙማንን የሚረዱበት ሥራ ተሞክሮ በጽሑፍ ወጥቷል። አስተዋይ ነርስም «ጠበል ትሄዳለህን? በስንት ሰዓት?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከመድኃኒቶቹ ብዙዎቹ በቀን አንድ ጊዜ ማታ ሊወሰዱ ስለሚችሉ ከጾሙ ሰዓት ጋር አይጋጩም። በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መርፌም አለ። ጉዳቱ የሚመጣው መድኃኒቱ በድብቅ ሲቋረጥና ነርሱ ሳይነገረው ሲቀር ነው።

ወደዚህ ክልል የሚሄድ ተማሪ ሌላም የሚያጋጥመው አለ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በካማሺና በመተከል በተነሣው ግጭት ብዙ ሕዝብ ሞቷል፤ ብዙም ተፈናቅሏል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ በኩርሙክ በኩል ስደተኞች ገብተዋል። ልጁ የተገደለበት አባት እንቅልፍ ቢያጣና ቢያለቅስ በሽተኛ ነውን? የነርሱ ትምህርት እዚህ ላይ ይፈተናል። አብዛኛው ሐዘንተኛ መጠለያ፣ ምግብ፣ የሚያስተዛዝነው ዘመድና ጊዜ ሲያገኝ ያለ ኪኒን ይበረታል፤ ጥቂቱ ግን ካልታከመ ራሱን ያጠፋል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ፣ ለማን መድኃኒት እንደማይሰጥ ማወቅም ጭምር፣ ከባድ እውቀት ነው።

ችግሩን ደብቀን ልጅ እንዲሰደድበት አንፈልግም። መድኃኒት በየጊዜው ያልቃል፤ ነርሱ በሰው እጥረት ምክንያት ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል፤ የሥራ ባልደረቦቹም ሳይቀሩ «የዕብዶች ነርስ» እያሉ ያሾፉበታል። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የተዘረጋው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናው እስከ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ አቅዶ ነበር፤ ይህም ብዙ የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል።

ተማሪ ያለበት ቤተሰብ ሁለት ነገር ያድርግ። ለዕረፍት በመጣ ጊዜ ስለ ሕሙማኑ ወሬ እንዲያጫውት አያስገድዱት፤ የሕመምተኛን ምስጢር መጠበቅ የሙያው ሕግ ነውና። ደግሞም ፊቱ ጠቁሮ፣ ንግግሩ አንሶ ቢመጣ አይዘልፉት፤ በተግባር ልምምድ ያየው ነገር ለወጣት ልብ ይከብዳል።

ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብ ደግሞ ወደ ነርሱ ሲሄድ በሽታው የጀመረበትን ጊዜ፣ የወሰደውን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ ሳይደብቅ ይናገር። የሚቀጥለው ቀጠሮ በካርዱ ላይ ይጻፋል። መኪና በገበያ ቀን ብቻ ከሚገኝበት ቀበሌ የመጣ ሰው ይህንኑ ለነርሱ ይንገረው፤ መርፌውን ወይም ኪኒኑን ከገበያው ቀን ጋር ሊያስማማው ይችላል።