ሞክሼ የጦር መርከቦች

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታሪክ ረቂቆችን ሳርም ከቀንና ከቁጥር ስሕተት በላይ የሚያደክመኝ የመርከብ ስም ነው። አንድ ምዕራፍ ላይ ሌክሲንግተን የተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ በሜይ 1942 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኮራል ባሕር ውስጥ ትሰጥማለች። ጥቂት ገጾች ገለጥ ሲደረግ ደግሞ በኦክቶበር 1944 ሌይቴ ሰላጤ ላይ አውሮፕላን ስታስነሳ እናገኛታለን። ደራሲው ሁለቱም ላይ አልተሳሳተም፤ ሞክሼዎች መሆናቸውን መናገር ብቻ ነው የረሳው።

ስሙ የተወረሰው ሆን ተብሎ ነው። የመጀመሪያዋ ሌክሲንግተን የተሠራችው ማሳቹሴትስ ውስጥ ክዊንሲ ከተማ ነበር። የመስጠሟ ዜና በጁን 1942 ሲነገር እዚያው ግቢ ሌላ አውሮፕላን ተሸካሚ ይሠራ ነበር፤ ስሙም ካቦት ተብሎ ተመድቧል። ሠራተኞቹ የባሕር ኃይል ሚኒስትሩን ፍራንክ ኖክስን ስሙ ይለወጥልን ብለው ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። በዚያው ዓመት ዮርክታውን፣ ዋስፕና ሆርኔት ተከታትለው ሰጠሙ፤ የእነርሱም ስም ገና ተሠርተው ላላለቁ መርከቦች ተሰጠ።

ለአርታኢ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛዋ ሆርኔት መጀመሪያ ኪርሳርጅ፣ ሁለተኛዋ ዋስፕ ደግሞ ኦሪስካኒ ነበሩ። የተነሡት ስሞችም አልተጣሉም፤ ኋላ ለተሠሩ መርከቦች ተላለፉ። እናም በ1942 መጀመሪያ የተጻፈ ወረቀት ላይ «ኪርሳርጅ» የሚል ያነበበ ሰው፣ በ1969 ከጨረቃ የተመለሱትን የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ከባሕር ስላነሣችው ስለ ሆርኔት እያነበበ መሆኑን በምን ያውቃል?

ፎቶግራፍ ከሆነ ይቀላል። «ዮርክታውን፣ ሚድዌይ» የሚል መግለጫ የተሰጠው ሥዕል ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ከመንደርደሪያው ጎን የቆመውን ማማ ነው። ከማማው ፊትና ኋላ ባለ ሁለት አፈሙዝ መድፎች በብረት ቤት ውስጥ ከተቀመጡ ሚድዌይ ላይ የሰጠመችው አይደለችም፤ ተተኪዋ ናት። የመጀመሪያዋ መድፎች ነጠላ ነበሩ፤ ቦታቸውም የመርከቧ ጠርዝ ላይ ነበር።

በጦርነት ጊዜ ስም ራሱ መሣሪያ ነው። የጃፓን ሬዲዮ ሁለተኛዋን ሌክሲንግተን ደጋግሞ አሰጥሟታል፤ እርሷ ግን ዛሬም ቴክሳስ ውስጥ ኮርፐስ ክሪስቲ ወደብ ላይ ሙዚየም ሆና ትጎበኛለች። የጀርመን ሬዲዮም የእንግሊዟን አርክ ሮያልን በ1941 በእርግጥ ከመስጠሟ በፊት ስንት ጊዜ ቀብሯት ነበር። ሂትለር በበኩሉ ዶይችላንድ (ጀርመን) የተባለችውን መርከብ ጦርነቱ በተጀመረ በወራት ውስጥ ሉትሶቭ አሰኛት፤ «ጀርመን ሰጠመች» የሚል ወሬ እንዳይሰማ ፈርቶ። ሉትሶቭ የሚለው ስም ግን በ1916 ከዩትላንድ ጦርነት ያልተመለሰች መርከብ ስም ነበር፤ እንዴት ያለ ገድ እንደታየው እንጃ።

የእኛ ባሕር ኃይል በዚህ በኩል ደፋር ነበር። በ1962 ከአሜሪካ ያገኛትን፣ ቀድሞ ኦርካ ትባል የነበረችውን መርከብ «ኢትዮጵያ» ብሎ ሰየማት፤ ዋና መርከቡም አደረጋት። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ወደ የመን ሄዳ በዚያው ቀረች። በመጽሐፍ መጨረሻ በሚገባው የቃላት ማውጫ እርሷን ከአገሪቱ ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ አንባቢው ኢትዮጵያ የመን ሄዳ ቀረች ብሎ ያነባል።

ሞክሼዎች እንዲለዩ ከስማቸው አጠገብ ቁጥር ይጻፍ ስል፣ ደራሲዎች ቁጥር ሲበዛ ንባብ ያደናቅፋል ይሉኛል። እውነት አላቸው፤ ስለዚህ የምጠይቀው መርከቧ መጀመሪያ በተነሣችበት ቦታ ብቻ ነው። ለአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚዎች የጎን ቁጥሩ ይበቃል፤ የመጀመሪያዋ ሌክሲንግተን 2፣ ተተኪዋ 16 ናት። እንግሊዞች የመርከብ ቁጥር መልሰው ስለሚጠቀሙበት ለእነርሱ የሚያስተማምነው ውኃ ላይ የወረደችበት ዓመት ነው። አርክ ሮያል 1937፣ አርክ ሮያል 1950፣ አርክ ሮያል 1981። የ1914ቷ ግን በ1934 ስሟን ለተተኪዋ ለቅቃ ፔጋሰስ ስለተባለች፣ በማውጫው ውስጥ በሁለት ቦታ ትገባለች።