ለመድረክ የሚሆን የራስ ላይ ማይክ ስትገዙ

ቤተ ክርስቲያናችሁ ራስ ላይ የሚጠለቅ ገመድ አልባ ማይክ ለመግዛት አስባ ይሆናል። ገንዘቡ የምእመናን ስጦታ ነውና ከዋጋው በፊት ይህን ጠይቁ፤ የሚያደርገው ማን ነው? የሚቆመውስ የት ነው?

አንዱ ዓይነት ማይክ ከየአቅጣጫው እኩል ይሰማል። ሰባኪው አንገቱን ቢያዞር፣ ማይኩም ጥቂት ቢንሸራተት ድምፁ ብዙ አይለወጥም። ሌላው ከአፍ በኩል ያለውን አጥርቶ ይሰማል፣ ከጀርባው ያለውን ይቀንሳል፤ በትክክል ካልተቀመጠ ግን ድምፁ ይሳሳል። ለሰባኪ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ከበሮና ሞኒተር አጠገብ ለምትዘምር እህት ግን ሁለተኛው ይሻላል። አለዚያ በዝማሬው መሃል ድምፅ ማጉያው ያፏጫል፤ ባለሙያው ደንግጦ ይቀንሰዋል፤ ከኋላ ልጅ አቅፋ የተቀመጠችው እናት ቃሉን ሳትሰማ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

መሰኪያውንም እዩ። ብዙዎቹ ወገብ ላይ የሚታሰሩ የሹር ማሰራጫዎች ባለ አራት እግር መሰኪያ ሲወስዱ፣ ብዙዎቹ የሴንሃይዘር ደግሞ ባለ 3.5 ሚሊ ሜትር ይወስዳሉ። በአሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ያገለገለ ስትገዙ ፍሪኩዌንሲውን አንብቡ፤ ከ617 እስከ 652 እና ከ663 እስከ 698 ሜጋኸርዝ ያለው ከሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማይክ ተከልክሏል።

እህቶች ሆይ፣ የነጠላ ጥለትና ረጅም የጆሮ ጌጥ ማይኩን ሲነካ ለጉባኤው ሁሉ ይሰማል! ስለዚህ ሙከራውን ቅዳሜ፣ የእሁዱን ልብስ ለብሳችሁ፣ ሞኒተሩም ተከፍቶ አድርጉት። ማይኩ ከአፍ ፊት ሳይሆን ከከንፈር ጥግ በኩል ይሁን፤ ትንፋሽ እንዳይመታው።