ቀዬ ስም ሲሆን

ከጭሮ ወደ ገለምሶ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው በደሳ ስሟ የዛፍ ስም ነው። በኦሮምኛ በደሳ የሚባለው፣ በአማርኛ ዶቅማ የምንለው፣ ጠቆር ያለና የሚበላ ፍሬ የሚሰጠው ዛፍ ነው። በዚህች ከተማ የተወለደ ሰው ግን በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል እንጂ «በደሳ» አይባልም። እንግሊዝ አገር ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር። በዚያ «አሽተን» የሚባል ሰው ብናገኝ፣ ስሙ አሽ በሚባለው ዛፍ ከተሰየመ መንደር የመጣ ነው። ይህ ልዩነት ከምን እንደ መጣ ብንመረምር ስለ ራሳችን ስም አጠራር የምናስተውለው ነገር አለ።

እንግሊዞች የቤተሰብ ስም የሚሉት ከጥንት ጀምሮ የነበራቸው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች አገሪቱን ድል አድርገው ሲይዙ፣ መኳንንቱ ከባሕር ማዶ በተዉት መንደር ወይም በያዙት ርስት ስም ይጠሩ ጀመር። ፐርሲና ሞንትጎመሪ የሚባሉት ስሞች ከኖርማንዲ መንደሮች የተወሰዱ ናቸው። ልጅም ርስቱን ሲወርስ ስሙን አብሮ ወረሰ። በሚቀጥሉት ሦስት መቶ ዓመታት ልማዱ ወደ ተራው ሕዝብ ወረደ። በወንዝ መሻገሪያ አጠገብ የሚኖረው «ፎርድ» ተባለ፤ እኛ መልካ የምንለው መሆኑ ነው። ከአዲስ መንደር የመጣው ደግሞ «ኒውተን» ተባለ።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ተራው ሰው በከተማው ስም የሚጠራው ብዙውን ጊዜ ከተማውን ከለቀቀ በኋላ ነው። በሊንከን ከተማ ሁሉም የሊንከን ሰው ስለ ሆነ፣ አንዱን ሰው «ሊንከን» ብሎ መጥራት ከጎረቤቱ አይለየውም። ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ግን ባለአገሮቹ በመጣበት ስፍራ ይጠሩታል፤ ልጁም የአባቱን ከተማ ሳያይ በስሙ ሲጠራ ይኖራል።

ከሁሉ የሚያስገርመው የዋሺንግተን ስም ጉዞ ነው። የስም ሊቃውንት እንደሚሉት፣ በሰሜን እንግሊዝ የምትገኘው የዋሺንግተን መንደር በመጀመሪያ የተሰየመችው በአንድ የጥንት ሰው ስም ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት ይህን ርስት የያዘ ዊልያም የሚባል ባላባት በመንደሪቱ ስም ተጠራ። ከዘሩ የተወለደው ጆርጅ ዋሺንግተን የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሲሆን፣ ስሙ ለዋና ከተማው ተሰጠ። እንዲህ ስሙ ከሰው ወደ መንደር፣ ከመንደር ወደ ሰው፣ ከሰውም ተመልሶ ወደ ከተማ ሄደ።

በእኛስ አገር እንዲህ ያለ ልማድ የለምን? አለ። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኖሩትን ታላቅ ደራሲ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ስንል የምንጠራቸው በስፍራቸው ነው። ነገር ግን መነኩሴ ልጅ የለውምና ስሙ ለዘር አልተላለፈም። በእስልምናው ወገን ደግሞ ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1798 ግብፅን ሲወር አይቶ የጻፈው የካይሮው ታሪክ ጸሐፊ አብዱራሕማን አል ጀበርቲ አለ። የዘር አባቱ የመጣው በዘይላ አቅጣጫ ከሚገኘው ከጀበርት ምድር ነበርና፣ ይህ ስም ከምሥራቁ የእኛ ወገን ተነሥቶ በካይሮ የቤተሰብ ስም ሆኖ ቀረ። ወደ ሐረርጌ ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ለኦሮምኛ የራሱን ፊደል የቀረጹት ሊቅ ሼክ በክሪ ሳጳሎ እናገኛለን። አባታቸው ኡስማን ሲሆኑ፣ ሳጳሎ ያስተማሩበት መንደር ስም ነው።

በእኛ ዘንድ የሚበዛው ግን ተቃራኒው ነው፤ ሰው ለቦታ ስሙን ይሰጣል። በ1910ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ሲገዙ፣ ዋና ከተማ ሆና የተደራጀችው አሰበ ተፈሪ የተጠራችው በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ስም ነው። ዛሬ መንግሥታዊ ስሟ ጭሮ ነው፤ የቀድሞውን ስም የሚጠራ ግን አሁንም አልጠፋም።

እንግሊዛዊው ስሙ አንድ ጊዜ ስለ ረጋ፣ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት የነበረውን መንደር ሲያስታውስ የቅድመ አያቱን ስም ሊረሳ ይችላል። የእኛ ሰው ግን በየትውልዱ አዲስ ስም ስለሚይዝ፣ አባቶቹን ወደ ላይ ቆጥሮ ሐረጉን ያውቃል፤ ቀዬው ግን በስሙ ውስጥ የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው አንቀጽ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም መድቦ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በአባቱ ስም መጠራቱን አልተወም። እኛም ይተው አንልም። ሐረግን መቁጠር ከማንም ልማድ የማያንስ ሀብት ነው።

ሆኖም ለዚህ ሀብት የምንከፍለው ዋጋ አለ። ከበደሳ ተነሥቶ ውጭ አገር የሚኖር ወጣት «የቤተሰብ ስም» የሚል መስመር ሲያጋጥመው የአባቱን ወይም የአያቱን ስም ይጽፋል፤ ያም ስም በልጆቹ ላይ ይረጋል። ከአባቶች መካከል አንዱ በአጋጣሚ ተመርጦ ሌሎቹ ይቀራሉ፤ በደሳም አትነሣም። በአገር ውስጥም ቢሆን፣ በአንዱ ወረቀት አሰበ ተፈሪ በሌላው ጭሮ ተወለደ የተባለ ሰው፣ ሁለቱ አንድ ከተማ መሆናቸውን ከማያውቅ ጸሐፊ ፊት ሲቀርብ ሁለት ሰው ይመስላል።

ስለዚህ ነገሩ በተለይ ለወጣት ሠራተኞች አደራ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዐዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ፣ ምዝገባው በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀምሯል። በመዝገቡ ላይ የትውልድ ቦታ የሚባለው መስመር በጥድፊያ የሚሞላ ባዶ ስፍራ መሆን የለበትም። ወረዳውን ብቻ ጽፎ ከማለፍ ቀበሌውንና መንደሩን፣ ስሙ የተለወጠም እንደሆነ የቀድሞውን ጭምር ማስፈር ይገባል። ተማሪውም አባቶቹን ሲቆጥር የእያንዳንዳቸውን ቀዬ አብሮ ይጠይቅ፤ ሽማግሌዎቹ ሳሉ በደብተሩ ይጻፍ። እንግሊዛዊው በስሙ ተሸክሞት የሚዞረውን እኛ በጽሑፍ ካልያዝነው ሌላ የሚይዝልን የለም።