መልሱን አስቀድሞ የወደደ ተመራማሪ

እስኪ ዛሬ አንድ ፊልም አብረን እንይ፤ ከዚያ ደስ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ «ፖዝ» እናድርገው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው «ጎስትባስተርስ» ነው። ከመናፍስት አደኑ በፊት፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፣ ለሥነ ልቦና የምርምር ዘዴ ትምህርት ተብሎ የተቀረጸ የሚመስል ትዕይንት አለ።

ቢል መሪ የሚጫወተው ዶክተር ፒተር ቬንክማን ኒው ዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቀምጧል። ከፊቱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተማሪዎች አሉ። እሱ ካርድ ያነሳል፤ እነሱ ምልክቱን ሳያዩ ይገምታሉ፤ የሳተ በኤሌክትሪክ ይነዘራል። ወንዱ ይስታል፣ ይነዘራል። ሴቷም ትስታለች፤ ቬንክማን ግን ዓይኗ ዓይኗን እያየ ልክ እንደሆነች ይነግራታል። በመጨረሻ ወንዱ የሞገድ መስመሮቹን በትክክል ይገምታል። ያም ሆኖ ይነዘራል!

ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ከሳቁ በኋላ ግን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ እዚህ ሙከራ ውስጥ ምን ምን ተበላሸ?

ከካርዶቹ እንጀምር፤ ካርዶቹ የደራሲ ፈጠራ አይደሉም። ዜነር ካርዶች ይባላሉ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጄ. ቢ. ራይን በዱክ ዩኒቨርሲቲ «ከአምስቱ ሕዋሳት ውጭ ማወቅ ይቻላል ወይ?» የሚለውን ሲመረምር፣ ባልደረባው ካርል ዜነር የነደፋቸው ናቸው። ክብ፣ መስቀል፣ ሞገድ መስመሮች፣ ካሬ፣ ኮከብ፤ እያንዳንዱ 5 ጊዜ፣ በድምሩ 25 ካርድ። የዚህ ንድፍ ውበት ምን መሰላችሁ? ምንም የማያውቅ ሰው በግምት ብቻ ስንት እንደሚያገኝ አስቀድመን እናውቃለን፤ ከ25 በአማካይ 5። ስለዚህ 6 ወይም 7 ያገኘ ሰው ተአምር አልሠራም። ካርዱ በየጊዜው ተመልሶ ከተበወዘ፣ አምስቱንም በተከታታይ የመምታት ዕድል ግን ከ3,125 አንድ ነው። ቬንክማን ልጅቷ አምስት ከአምስት እንደመታች ያውጃል። ከመልሶቿ አንዱ «ስምንት ቁጥር» ነበር፤ እንዲህ ያለ ምልክት ደግሞ ከካርዶቹ ውስጥ ጨርሶ የለም።

ቬንክማን ሆን ብሎ ነው የሚዋሸው፣ ልጅቷን ስለወደዳት። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ማንም ሳይዋሽ ተመሳሳይ ነገር መከሰቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሮበርት ሮዘንታልና ከርሚት ፎድ ባሳተሙት ጥናት፣ ለተማሪዎች የሚያሠለጥኗቸው አይጦች ተሰጧቸው። ለግማሾቹ «የእናንተዎቹ መንገድ በማግኘት ጎበዝ ተብለው የተዳቀሉ ናቸው»፣ ለሌሎቹ ደግሞ «የእናንተዎቹ ደካሞች ናቸው» ተብሎ ተነገራቸው። እውነቱ ግን አይጦቹ ተራ አይጦች መሆናቸውና በዘፈቀደ መታደላቸው ነበር። ውጤቱ ሲሰበሰብ «ጎበዞቹ» በልጠው ተገኙ። ተማሪዎቹ አጭበርባሪዎች አልነበሩም፤ የጠበቁትን ነገር አገኙ። የምርምር ሰዎች «ብላይንድ» የሚሉት ጥንቃቄ የመጣው ከዚህ ዓይነቱ ነገር ነው፦ የሚለካው ሰው፣ የሚለካው ማንን እንደሆነ አይነገረው። በቬንክማንና በልጅቷ መካከል አንድ መጋረጃ ብቻ ቢጋረድ፣ መልሱንም ሌላ ሰው ቢመዘግብ፣ ያ ሁሉ ድራማ ያልቅ ነበር።

አሁን ፊልሙ ራሱ ወደሚሳሳትበት ቦታ እንምጣ። ቬንክማን የሚያጠናው «አሉታዊ ማጠናከሪያ» ከአምስቱ ሕዋሳት ውጭ በማወቅ ችሎታ ላይ ያለውን ተጽዕኖ እንደሆነ ይናገራል። ተሳስቷል። ሲስቱ መንዘር ቅጣት ነው። አሉታዊ ማጠናከሪያ ማለት የሚያውክ ነገር ሲነሳልን ያነሳልንን ድርጊት መደጋገማችን ነው። ቀበቶ እስክታስሩ የሚጮኸውን መኪና አስቡት፤ ስታስሩ ዝም ይላል፣ በማግስቱ ቶሎ ታስራላችሁ። ይህን ስህተት ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። አንድሩ በትለርና ባልደረቦቹ በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ተማሪዎች ስለ ታሪክ ጽሑፍ እንዲያነቡ፣ ስለዚያው ጉዳይ ከተሠሩ ታዋቂ ፊልሞችም ቅንጭብ እንዲያዩ ተደረገ። ፊልሙ ከጽሑፉ ጋር ሲስማማ ብዙ አስታወሱ። ሲጋጭ ግን ትክክለኛውን እያነበቡም የፊልሙን ስህተት እንደ እውነት ጻፉ። «ፊልም ሊሳሳት ይችላል» የሚል ጥቅል ማስጠንቀቂያ ብዙም አላዳናቸውም፤ የረዳቸው ስህተቱን ነጥሎ ማሳየት ነበር። እኔም ቅድም በጣቴ ነጥዬ ያሳየኋችሁ ለዚህ ነው።

ወንዱ ተማሪ በመጨረሻ ተማርሮ ይነሳል፤ እንደሚነዘር ማንም አልነገረውም። ለተሳትፎው የሚከፈለውን አምስት ዶላርም ትቶ ይሄዳል። በደንብ በተመራ ጥናት፣ ተሳታፊው የሚደርስበትን አስቀድሞ አውቆ ይፈርማል፤ ባሰኘው ሰዓት ቢወጣም አይቀጣም። ይህ ያልተከበረበት የእውነት ሙከራም አለ፤ በ1961 ስታንሊ ሚልግራም በየል ዩኒቨርሲቲ ለተሳታፊዎች አራት ዶላርና ለመጓጓዣ 50 ሳንቲም ሰጥቶ ሌላ ሰው እየነዘሩ እንደሆነ አሳመናቸው። ንዝረቱ የውሸት ነበር፤ ጭንቀታቸው ግን የእውነት። ከ40ዎቹ ተሳታፊዎች 26ቱ እስከ 450 ቮልት ደረሱ። የቬንክማንንና የሚልግራምን ሙከራ ጎን ለጎን ለማየት የፈለገ በ2015 ስለ ሚልግራም የተሠራውን «ኤክስፔሪሜንተር» ይመልከት።

ስለ ምርምር ዘዴ ከሚያስተምሩ ፊልሞች የእኔ ተወዳጅ ግን የሲድኒ ሉሜት «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» ነው፣ የ1957ቱ። አንድ ወጣት አባቱን ገድሏል ተብሎ 12 የዳኝነት ሸንጎ አባላት ክፍል ውስጥ ተዘግተዋል። 11ዱ ጥፋተኛ ይላሉ፤ ሄንሪ ፎንዳ የሚጫወተው 8ኛው እርግጠኛ አይደለሁም ይላል። ልብ በሉ፣ «ንጹሕ ነው» አላለም። ስታቲስቲክስ ላይ ተማሪን የሚያደክመው ነል ሃይፖቴሲስ ይኸው ነው፦ ማስረጃው እስኪጥለው ድረስ ልጁ አልገደለም ብለን እንነሳለን፤ ባንጥለው ደግሞ አለመግደሉን አረጋገጥን ማለት አይደለም። ንጹሑን ሰው መስቀል ዓይነት አንድ ስህተት፣ ገዳዩን መልቀቅ ዓይነት ሁለት።

ከዚያ ፎንዳ ሙከራ ይሠራል። በአንድ እግሩ የሚያነክሰው ሽማግሌ ምስክር ከአልጋው ተነስቶ በሩ ጋ ለመድረስ 15 ሰከንድ ፈጀብኝ ብሏል። ፎንዳ ርቀቱን በእርምጃ ለክቶ፣ ሌላ ሰው ሰዓት እንዲይዝ አድርጎ፣ እያነከሰ ይራመዳል። 41 ሰከንድ! ተመልካች ሁሉ በደስታ ይዘላል።

እዚህ ላይ ግን ፖዝ አድርጉልኝ። ማን ነው የተራመደው? ቁጥሩ ከ15 እንዲበልጥ የሚፈልገው ሰው ራሱ። አንዱ ባልደረባው ፍጥነት እንዲጨምር የሚጮኸውም በከንቱ አይደለም። የሰዓቱን ጉዳይ ፎንዳ አሳምሮ ሠርቶታል፤ እግሩ ግን ያው እንደ ቬንክማን ዓይን የሚፈልገውን ያውቃል። ልቤ ከፎንዳ ጋር ስለሆነ ይህን ለማየት ፊልሙን ደጋግሜ ማየት ነበረብኝ።

እናንተስ ሙከራውን እንዴት ታስተካክሉታላችሁ? እኔ ብሆን ስለ ግድያውም ሆነ ስለ 15 ሰከንዱ ምንም ያልሰማ፣ በእድሜም በአረማመድም ሽማግሌውን የሚመስል ሰው እፈልጋለሁ። አንዴ ሳይሆን አሥሬ አስነስቼ፣ «በተቻለህ ፍጥነት ወደ በሩ ሂድ» ብቻ እለዋለሁ። ሰዓት የሚይዘውም ስለ ጉዳዩ ያልሰማ ሌላ ሰው ይሆናል። እኔ ራሴ ከክፍሉ እወጣለሁ።