ሲንክ የማያውቀው ችክችካ

በሠርግ መሀል ድምፁ ሲንጣጣ፣ ሁለት ዘፈኖች ሲቀላቀሉ ምታቸው ሲጋጭ፣ የመጀመሪያው ፍርድ የሚወርደው በዕቃው ላይ ነው። ኮንትሮለሩ አርጅቷል፣ ላፕቶፑ ደክሟል፣ የተሻለ ይገዛ ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የዲጄ ሶፍትዌሮቹ፣ ሰራቶም ሆነ ትራክተር፣ ሬኮርድቦክስም ሆነ በነፃ የሚገኘው ሚክስ፣ ገና ሲጫኑ ይዘውት የሚመጡት ግምት አለ፤ ስለ ኮምፒውተሩ አቅም፣ ስለ ዘፈኑ ምት፣ ስለ ድምፁ ከፍታ። ይህ ግምት ከእኛ ሙዚቃ ጋር ብዙ ቦታ አይገጥምም። ስለዚህ የሴቲንጉን ገጽ ከፍቶ ማስተካከል ከዘፈን መረጣ እኩል የዲጄው ሙያ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ቀድሞ የሚመጣው በፈር የሚባለው ነው። በሲዲ ጥራት በተቀዳ ድምፅ ውስጥ በእያንዳንዱ ሴኮንድ 44,100 ናሙና አለ፤ ኮምፒውተሩ እነዚህን ጥቂት በጥቂት እያጠራቀመ ወደ ሳውንድ ካርዱ ይልካቸዋል። በአንዴ የሚያጠራቅመው 1,024 ከሆነ በዚህ ብቻ 23 ሚሊሴኮንድ ያህል ይዘገያል፤ 128 ከሆነ ወደ 3 ሚሊሴኮንድ ይወርዳል። ድምፅ በአየር ላይ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 23 ሚሊሴኮንድ ማለት ከስፒከሩ 8 ሜትር ርቆ መስማት ነው። ስክራች ለሚያደርግ ይህ ብዙ ነው፤ ዘፈን ከዘፈን ለሚያያይዝ ግን እምብዛም አያውክም። ብዙዎች ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ማውረድን የጥራት ምልክት ያደርጉታል፤ የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። በፈሩ ወደ 128 ሲወርድ ኮምፒውተሩ በየሦስት ሚሊሴኮንዱ ሥራውን ማስረከብ ይኖርበታል፤ አንዴ ካልደረሰበት ድምፁ ይንጣጣል። ዊንዶውስ ላይ የሳውንድ ካርዱን የራሱን አሲዮ ድራይቨር መምረጥ፣ ላፕቶፑን ከኃይል ቁጠባ ማውጣት፣ ከዚያ ቁጥሩን ድምፁ እስኪንጣጣ አውርዶ አንድ ደረጃ መመለስ ይበቃል።

የበለጠ የሚያሳስበኝ የምቱ ጉዳይ ነው። ሶፍትዌሩ ዘፈኑን ሲመረምር በደቂቃ ስንት ምት እንዳለው ይገምትና ከዳር እስከ ዳር እኩል የተራራቁ መስመሮች ያሰምርበታል፤ ቢትግሪድ ይሉታል። ሲንክ የሚባለው ቁልፍ ሁለት ዘፈኖችን የሚያገጣጥመው በእነዚህ መስመሮች ነው። በድራም ማሽን ለተሠራ፣ በአራት ለሚቆጠር የሃውስ ሙዚቃ ይህ ልክ ነው። በፈረንጆቹ 1960ዎቹና 1970ዎቹ የተቀዱት የአዲስ አበባ ባንዶች ግን በሰው እጅ የተጫወቱ ናቸው፤ ጨዋታው ሲሞቅ ይፈጥናሉ፣ ዘፋኙ ሲያንጎራጉር ረገብ ይላሉ። መስመሩ መግቢያው ላይ ቢገጥም መሀል ላይ ይስታል። በስድስት ትንንሽ ምት የሚሄደው ችክችካ ላይ ሲደርስ ደግሞ ይብሳል። ስድስቱን ትንንሽ ምት በሁለት ትልልቅ ምት የሚጨፍር ሰው በደቂቃ 120 ቢቆጥር፣ ሶፍትዌሩ ያንኑ ስድስት በሦስት ከፍሎ 180 ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ከዚያ በትክክል 120 ከተባለ ዘፈን ጋር በሲንክ ላገጣጥም ሲል ፍጥነቱን በሲሶ ይቀንሰዋል፤ 180ውን ለሁለት ከፍሎ 90 ነው ካለም በሲሶ ያፈጥነዋል። በሁለቱም መንገድ እስክስታው ይሞታል። ስለዚህ ቁጥሩን ምቱን እየተከተሉ በጣት በመምታት ማረም ያስፈልጋል፤ ለባንድ ቅጂዎች ሚክስ ላይ ቋሚ ቴምፖ የሚገምተውን ምርጫ ማጥፋት፣ ሬኮርድቦክስ ላይ ተለዋዋጩን ምርመራ መምረጥ ይቻላል። ዘፈኖቹን ሲያገናኙ ሲንኩን ዘግቶ በጆሮ መሥራት ግን ከሁሉ ይሻላል።

ጨፋሪው ይህን መቼ ይለያል የሚሉ አሉ። ስሙን ላይጠራው ይችላል፤ ትከሻው ግን የሚንቀጠቀጠው በትንንሾቹ ምቶች ላይ ስለሆነ ስህተቱ ቀድሞ የሚደርሰው ለእሱ ነው። ክብደት ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ሺህ ዘፈን ያለው ሰው ይህን ሁሉ በምን ጊዜ ያርማል? ሁሉን በአንዴ ማረም አይጠበቅበትም። ለቀጣዩ ዝግጅት የሚያስፈልጉትን ብቻ ያርም፤ እርማቱ ከዘፈኑ ጋር ይቀመጣል። አዲስ ምርመራ እንዳይሰርዘውም መቆለፍ ይቻላል።

በድምፅ ከፍታ ላይ ብዙ ማለት አያሻም። ዲጂታል ድምፅ ከዜሮ ዴሲቤል በላይ ቦታ የለውም፤ ከካሴት የተገለበጠ ዘፈን ዝቅ ብሎ፣ አዲሱ ደግሞ ጣሪያው ላይ ደርሶ ስለሚመጣ፣ አውቶ ጌይን ከፍቶ ማቀራረብ ይገባል። አዳራሹ «ጨምርበት» ሲል ግን የሚጨመረው አምፕሊፋየሩ ላይ ነው። ሶፍትዌሩ ውስጥ ቀይ እስኪበራ ሲገፋ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውን የትኛውም ስፒከር አይመልሰውም። ፍጥነትን በተመለከተ፣ ኪይ ሎክ ከተዘጋ 6 በመቶ ማፍጠን ዘፈኑን በግማሽ ቶን ያህል ያቀጥነዋል፤ ከተከፈተ ቃናው ይጠበቃል፣ ነገር ግን ለውጡ በበዛ መጠን የዘፋኙ ድምፅና የማሲንቆው ክር ይሻክራሉ። በእኔ ምርጫ ኪይ ሎኩ ይከፈት፣ ለውጡ ከ4 በመቶ አይለፍ፤ የፍጥነት ተንሸራታቹ ክልልም ሶፍትዌሩ በፈቀደው መጠን ይጥበብ፣ ያኔ ጣት ጥቂት ሲገፋው ጥቂት ብቻ ይታዘዛል፤ በጆሮ ለሚያገጣጥም ሰው የሚያስፈልገውም ይኸው ነው።